ድንጋዩ ጥቁር፣ ቆርቆሮው ሰማያዊ ከሆነ ግድግዳው ምን ይቀባ? ለድሬዳዋና ለሐረር ቤቶች የውጭ ቀለም መምረጫ

ቤት ሊቀባ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «የትኛው ቀለም ደስ ይለናል?» የሚል ነው። መቅደም ያለበት ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የግድግዳ ቀለም በጥቂት ዓመት ይታደሳል። የመሠረቱና የዞኮሎው (ከመሬት በላይ ያለው የግድግዳው የታችኛ ክፍል) ድንጋይ ግን ቤቱ እስካለ ድረስ እዚያው ነው፣ ቆርቆሮውም ሁለት ሦስት ቅብ ሳይለወጥ ያሳልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ «ድንጋያችንና ጣሪያችን ምን ዓይነት ቀለም አላቸው? ከየትኛው ግድግዳስ ይስማማሉ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ይህ ሲመለስ ከካታሎጉ ዘጠኝ አሥረኛው ወዲያው ይወድቃል፣ የቀረውን በየምርጫችሁ መለየት ቀላል ነው።

ሁለተኛው ነገር ከተማው ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት፣ ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ነፋሻማ ናት። በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ቢራራቁም ለአንዱ የሰመረ ቀለም ለሌላው ላይሰምር ይችላል። የድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ዓይን የሚወጋ ነጭ ግድግዳ በጁገል፣ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጠባብ መንገድ ላይ ሲሆን የሰፈሩ ብርሃን ነው።

ድንጋዩ ወደ ምን ያደላል?

በቅድሚያ ድንጋዩን በውሃና በጠንካራ ብሩሽ እጠቡት። የድሬዳዋ አቧራ የትኛውንም ድንጋይ ፈዛዛ ቡኒ ያስመስለዋል። ሐረር ላይ ደግሞ ቀዩ አፈር ከዝናቡ ጋር እየተፈናጠረ የታችኛውን ግማሽ ሜትር ያቀላዋል። ሳይታጠብ አይቶ ቀለም የመረጠ ሰው ለአቧራው እንጂ ለድንጋዩ አልመረጠም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ ሠራተኛ ድንጋይ ላይ የቀረ የሲሚንቶ ጠብታ ለማስለቀቅ አሲድ ይጠቀማል። ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ከሆነ አሲዱ ድንጋዩን ራሱን ይበላዋል፣ ፊቱን ያሻክረዋል፣ ከዚያ በኋላ ቆሻሻ በቀላሉ ይይዛል። ለመለየት ንጹሕና ደረቅ የድንጋይ ፊት ላይ (በድንጋዮቹ መሃል ባለው የሲሚንቶ መስመር ላይ ሳይሆን) ጥቂት አቼቶ ጠብ አድርጉ። ጥቃቅን አረፋ ካወጣ የኖራ ድንጋይ ነው፣ አሲድ አይንካው።

ከታጠበና ከደረቀ በኋላ ነጭ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ድንጋዩ ላይ አስደግፋችሁ በጥላ ውስጥ እዩት። «ግራጫ ነው» ያላችሁት ድንጋይ ከንጹሕ ነጭ አጠገብ ሲሆን እውነተኛ ዝንባሌው ይወጣል፦ ወይ ወደ ቢጫ፣ ወይ ወደ ሰማያዊ፣ ወይ ወደ ሮዝ፣ አንዳንዴም ወደ አረንጓዴ ያደላል። ከዚያ ግማሹን በውሃ አርጥቡት። እርጥብ ድንጋይ ይጠቁራል፣ የሚያደላበት ቀለምም ይጎላል። በክረምት ቤታችሁ የሚመስለው ያንን ነውና የመረጣችሁት ቀለም ከደረቁም ከእርጥቡም ጋር መሄድ አለበት።

በአካባቢው በብዛት የሚያጋጥመው ድንጋይ ጥቂት ዓይነት ነው። ጥቁር ድንጋይ (ባዝልት) ከሩቅ አድልዎ የሌለው ይመስላል፣ ሲረጥብ ግን ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ ያረጀው ፊቱ ደግሞ በውስጡ ካለው ብረት የተነሳ ዝገት የመሰለ ቡኒ ያወጣል። የኖራ ድንጋይ የድሬዳዋ ዙሪያ ተራሮች ሀብት ነው፣ የከተማዋ የሲሚንቶ ሥራም የቆመው በእሱ ላይ ነው፤ ከክሬም እስከ ፈዛዛ ግራጫ ይደርሳል፣ ሁሌም ማለት ይቻላል ወደ ቢጫ ያደላል። የአሸዋ ድንጋይ ከቢጫ እስከ ቀይ ዳማ ነው፤ ለፊት ገጽ ማልበሻ ተብሎ ከሩቅ የሚመጣው የአምቦ ድንጋይም ከዚሁ ወገን ነው። ግራናይት ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ግራጫ ወይም ሮዝማ ነው።

ድንጋዩ ድብልቅ ከሆነ አሥር ሜትር ያህል ራቁና ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት። ከዚያ ርቀት አንድ ቀለም ብቻ ሆኖ ይታያል፣ ቀለም የምትመርጡት ለዚያ ነው። በድንጋዮቹ መሃል ያለውን መስመር ጥቁር ወይም ነጭ የመቀባት ልማድ አለ። እኛ አንመክረውም። መስመሩ ከድንጋዩ በላይ ጎልቶ ቤቱን የተበጣጠሰ ያስመስለዋል፣ ሲላጥም ለማስተካከል አይመችም። ቫርኒሽም እንደዚሁ፦ ድንጋዩን እንደ ረጠበ ያጠቁረዋል፣ በድሬዳዋ ፀሐይ ግን ቢጫ ሆኖ ይላጣል። ድንጋያችሁ አስቀድሞ ቫርኒሽ ከተቀባ የግድግዳውን ቀለም በተቀባው መልኩ ላይ ምረጡ።

ጣሪያው የሚታየው ከየት ነው?

ጣሪያው ላይ ከመጨነቃችሁ በፊት ከግቢው በርና ከመንገዱ ማዶ ቆማችሁ ተመልከቱ። ብዙ አዲስ ቤት ላይ ተዳፋቱ ትንሽ ስለሆነ ወይም ግንቡ ከፍ ብሎ ስለሚጋርደው ቆርቆሮው ከመንገድ አይታይም። እንዲያ ከሆነ «ጣሪያችሁ» ማለት አሸንዳውና የጣሪያው ጠርዝ ሰሌዳ ናቸው። እነሱን እንደፈለጋችሁ መቀባት ስለምትችሉ ከድንጋዩ ጋር ብቻ ተስማሙ። ሐረር ግን ዳገትና ቁልቁለት ናት፣ ከላይ ያለው ጎረቤት የእናንተን ጣሪያ ሙሉውን ያያል። በሶሌታ (ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ) የተሸፈነ ቤትም ይህ ጣጣ የለበትም።

ነጭ ቆርቆሮ (ቀለም ያልተቀባው) በዕድሜው ሦስት መልክ አለው። አዲሱ ያንጸባርቃል፣ ወደ ሰማያዊም ያደላል። ዚንኩ ሲደበዝዝ አመድማ ግራጫ ይሆናል። ዚንኩ ሲያልቅ ደግሞ ዝገቱ ቀይ ቡኒ ያደርገዋል። ስለዚህ ዛሬ ከአዲሱ ቆርቆሮ ጋር የሚያምር ቀዝቃዛ ሰማያዊማ ግድግዳ ዝገቱ ሲመጣ ይጣላል። ክሬምና አሸዋማ ቀለም ከሦስቱም ጋር ይሄዳል።

ከፋብሪካ ቀለም ተቀብቶ የመጣ ቆርቆሮ ደግሞ ይደበዝዛል። ስታነጻጽሩ ያላችሁ ቆርቆሮ የተገዛ ዕለት የነበረውን ቀለም ሳይሆን አሁን ያለውን ያዙ። ጣሪያው አናት ላይ ካለው መክደኛ ሥር ተደብቆ የኖረውን ክፍል ከውጪው ጋር ብታስተያዩት ምን ያህል እንደ ደበዘዘ ታያላችሁ። በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ቆርቆሮ የመለወጥ ሐሳብ ካለ መጀመሪያ የአዲሱን ቆርቆሮ ቀለም ወስኑ፣ ግድግዳው ይከተል።

«ቆርቆሮውን ራሱን ብንቀባውስ?» ለሚል፦ ይቻላል፣ ነገር ግን አዲስ ነጭ ቆርቆሮ ላይ የዘይት ቀለም በቀጥታ መቀባት የተለመደ ስህተት ነው። ዚንኩ ከዘይቱ ጋር ተዋህዶ ከሥሩ ሳሙና መሰል ነገር ይፈጥራል፣ ቀለሙም በአንድ ሁለት ዓመት እንደ ልጣጭ ይነሳል። ለዚንክ ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያ ቅብ ያስፈልገዋል። የዛገው በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ፣ ተጠርጎ፣ ፀረ ዝገት አንድ እጅ ተቀብቶ ከዚያ በኋላ ነው ቀለም የሚያገኘው።

ፀሐዩ በየትኛው ግድግዳ ላይ ነው?

ከውጭ አገር የሚገለበጡ መመሪያዎች «ሰሜን የሚያይ ግድግዳ ጥላ ስለሆነ ሞቅ ያለ ቀለም ቀቡት» ይላሉ። እኛ ዘንድ ይህ አይሠራም። ሁለቱም ከተሞች ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ከምናምን ላይ ናቸው። ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፣ በቀረው ጊዜ በደቡብ በኩል። ስለዚህ ሁለቱም ግድግዳ በየተራ ፀሐይ ያገኛል። ዓመቱን ሙሉ የሚመቱት ግን ምሥራቅና ምዕራብ ናቸው፣ ከሁለቱም ምዕራቡ ይከፋል፤ አየሩ ቀድሞ ከሞቀ በኋላ ፀሐዩ ይጨመርበታልና።

ይህ ለድሬዳዋ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ግንቦትና ሰኔ ላይ የቀን ሙቀት 35 ዲግሪ ገደማ በሚደርስበት ከተማ ጥቁር ግራጫ የተቀባ የብሎኬት ግድግዳ ከሰዓት በኋላ የጠጣውን ሙቀት ማታ ለመኝታ ቤቱ ይመልሰዋል። ልስኑም ቀን እየተለጠጠ ሌሊት እየተሸበሸበ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ከአዲስ አበባ የመጣው ጥቁር ግራጫ የመቀባት ፋሽን ለድሬዳዋ አይሆንም፣ በፍጹም። ጥቁር ቀለም የወደደ ሰው ለበሩና ለመስኮቱ ፍሬም ይጠቀምበት።

ካታሎጎች ላይ ከቀለሙ ቁጥር አጠገብ ብዙ ጊዜ ከ0 እስከ 100 የሆነ ሌላ ቁጥር አለ፤ ቀለሙ ከሚያገኘው ብርሃን ስንት በመቶውን እንደሚመልስ ይናገራል። 0 ፍጹም ጥቁር፣ 100 ፍጹም ነጭ ነው። ካላገኛችሁት ሻጩን ጠይቁ። ለድሬዳዋ ከ65 እስከ 78 ያለው ጥሩ ክልል ነው ብለን እናምናለን። ከ85 ሲያልፍ በቀትር ዓይን ይወጋል፣ አቧራውም ወዲያው ይታይበታል። ከ50 በታች ሙቀት ይጠጣል። ሐረር ላይ ከ50 እስከ 75 ድረስ መሄድ ይቻላል። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ትንሽ ጠቆር ያለ ግድግዳ አይጎዳም፣ እንዲያውም ከድንጋዩ ጋር ይበልጥ ይዋሃዳል።

ስለ መደብዘዝም አንድ ነገር እንበል። አፈር ቀለሞች (ቢጫ ዳማ፣ ጡብማ ቀይ፣ ቡኒ) የሚሠሩት ከብረት ኦክሳይድ ነው፤ ፀሐይም ሲሚንቶና ኖራም አይበግራቸውም። ደማቅ ቀይ፣ ደማቅ ቢጫና ወይን ጠጅ ግን ብዙ ጊዜ ከሌላ ዓይነት ማቅለሚያ ስለሚሠሩ የምዕራቡ ግድግዳ ላይ ቶሎ ይለቃሉ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ምዕራቡና ምሥራቁ የሁለት ቤት ግድግዳ ይመስላሉ።

ድንጋይ ከጣሪያ፦ የትኛው ከየትኛው?

ጥቁር ድንጋይና ቀይ (ጡብማ) ቆርቆሮ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። አንዱ ቀዝቃዛና ጥቁር፣ ሌላው ሞቅ ያለ ስለሆነ መሃላቸው ላይ ሰፊ ምርጫ አለ። ክሬም፣ አሸዋማ፣ ወደ ቢጫ ያደላ ፈዛዛ ግራጫ ሁሉም ይሄዳሉ። ድሬዳዋ ላይ አሸዋማውን እንመርጣለን፣ አቧራው ከቀለሙ ጋር ስለሚመሳሰል ቤቱ በሁለት ዝናብ መሃል ንጹሕ መስሎ ይቆያል። ሐረር ላይ ፈዛዛ ቢጫ ዳማ ጥሩ ነው። መራቅ ያለባችሁ ከሮዝ ነው፣ ከቀዩ ቆርቆሮ ሥር የደበዘዘ ቀይ ይመስላል።

ጥቁር ድንጋይና ሰማያዊ ቆርቆሮ በጣም የተለመደ ጥምረት ነው፣ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ነው። ሁለቱም ቀዝቃዛ ናቸው። ግራጫ ከጨመራችሁበት ቤቱ መጋዘን ይመስላል። ደማቅ ቢጫ ደግሞ የሰማያዊ ተቃራኒ ስለሆነ ሁለቱ እርስ በርስ ይጋነናሉ፦ ሰማያዊው ይበልጥ ሰማያዊ፣ ቢጫው ይበልጥ ቢጫ ሆኖ ይጮኻል። የሚያዋጣው ጥቂት ሞቅ ያለ ነጭ ነው፤ ወረቀት አጠገብ ሲሆን ብቻ ክሬምነቱ የሚታወቅ፣ ብቻውን ሲታይ ነጭ የሚባል። የመስኮቱ ፍሬም ጥቁር ግራጫ ይሁን፣ ከድንጋዩ ጋር ይያያዛል። ፍሬሙን እንደ ቆርቆሮው ሰማያዊ ማድረግ አንመክርም፤ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ማግኘት ከባድ ነው፣ ተቀራራቢ ሆኖ ያልገጠመ ሰማያዊ ደግሞ ከሌላ ቀለም ይከፋል።

ይህ «ተቀራራቢ ግን ያልገጠመ» የሚባለው ችግር በክሬም የኖራ ድንጋይ ላይ ይበረታል። ሰው ድንጋዩን ለመምሰል አስቦ ክሬም ይገዛል፣ ግድግዳው ሲደርቅ ትንሽ ወደ ሮዝ ወይም ወደ አረንጓዴ ያደላል፣ ያኔ ድንጋዩና ቀለሙ ለመመሳሰል ሞክረው ያልቻሉ ይመስላሉ። ወይ ድንጋዩ ወደሚያደላበት ቢጫ ተጠግታችሁ ሁለት ደረጃ የፈዘዘ ምረጡ፣ ወይ ደግሞ ግልጽ ልዩነት ያለው ቀለም ውሰዱ። ንጹሕ በረዶማ ነጭም አይሆንም። ከጎኑ ያለው የኖራ ድንጋይ ቆሽሾ ቢጫ የሆነ ይመስላል፣ ባለቤቱም ድንጋዩን ደጋግሞ ያሳጥባል፣ ቆሻሻ ግን የለበትም። ጣሪያው አረንጓዴ ከሆነ ከዚህ ድንጋይ ጋር ወደ ወይራ አረንጓዴ በጣም ጥቂት ያደላ ክሬም ያምራል። ጣሪያው ቡኒ ከሆነ ድንጋዩን የሚመስል፣ ሁለት ደረጃ የፈዘዘ አሸዋማ በቂ ነው። የድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር የቆዩ ቤቶች ብዙዎቹ ክሬምና ፈዛዛ ቢጫ ሆነው ከዛፎቹ ጥላ ሥር የሚያምሩት በዚህ ምክንያት ይመስለናል፣ ቅጠሉ አረንጓዴውን አስቀድሞ አምጥቶላቸዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ወይም የአምቦ ድንጋይ ከሰማያዊ ቆርቆሮ ጋር ሲገኝ ነው። ከታች ሙቅ፣ ከላይ ቀዝቃዛ፣ ሁለቱም ደማቅ። ግድግዳው እዚህ ላይ የአስታራቂ ሽማግሌ ሥራ አለበት፤ ለአንዱ ሳያደላ ሁለቱንም ዝም የሚያሰኝ መሆን አለበት። ያንን የሚችለው በግራጫና በቢዥ መሃል ያለው ፈዛዛ ቀለም ነው። ነጭ ካደረጋችሁት የሁለቱ ጠብ ይብሳል፣ ነጭ አጠገቡ ያለውን ደማቅ ቀለም ሁሉ ያጎላልና። በተጨማሪ አሸንዳውንና የጣሪያውን ጠርዝ በግድግዳው ቀለም ቀቡ። ሰማያዊው በዚህ መልኩ ወደ ላይ ይሸሻል፣ የሚታየውም መጠን ይቀንሳል።

ሮዝማ ግራናይትና የዛገ ወይም ቡኒ ቆርቆሮ ሐረር ላይ ያጋጥማል። ሁለቱም ሞቅ ያሉ ስለሆኑ ወይ ሞቅ ያለ ነጭ፣ ወይ በጣም ፈዛዛ የወይራ አረንጓዴ ይስማማቸዋል። አረንጓዴው የድንጋዩን ሮዝነት ያወጣዋል። ያንን ሮዝነት የማይወድ ሰው ነጩን ይያዝ።

ድንጋዩና ጣሪያው ራሳቸው ሁለት ቀለም መሆናቸው መረሳት የለበትም። በዚያ ላይ አንድ ለግድግዳ፣ አንድ ለፍሬምና ለበር ከጨመራችሁ አራት ሆነ፣ ይበቃል። የመስኮት ዙሪያ ቅርጽ፣ ዓምድ፣ የግቢ አጥር እያለ ለእያንዳንዱ አዲስ ቀለም የሚጨምር ሰው ጥሩ ድንጋዩን ራሱ ይደብቀዋል። አጥሩ ከግድግዳው አንድ ደረጃ ጠቆር ይበል፣ አቧራውን ይችላል።

ጁገል ውስጥ፦ ኖራ ወይስ ፕላስቲክ ቀለም?

በጁገል ያለ ቤት ላይ የቀለሙ ዓይነት ከቀለሙ መልክ ይቀድማል። የቆየው የሐረሪ ቤት ግድግዳ ድንጋይና ጭቃ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ከመሬት የሚስበውን እርጥበት በፊቱ እያስተነፈሰ ይኖራል። ኖራ እርጥበቱን ያሳልፋል። ፕላስቲክ ቀለም፣ ከእሱም የባሰ የዘይት ቀለም፣ ይዘጋዋል። የተዘጋው እርጥበት መውጫ ፈልጎ ከመሬት እስከ አንድ ሜትር ባለው ቁመት ቀለሙን ያነፋዋል፣ ሲላጥም ከሥሩ ያለውን ጭቃ ይዞ ይወርዳል። በላዩ ደግሞ መቀባት ነገሩን ያዘገየዋል እንጂ አይፈውሰውም። የተነፋው ተፍቆ መነሳት አለበት፣ ኖራም ፕላስቲክ ላይ አይያዝም።

ብሎኬትና ሲሚንቶ ልስን ላለው አዲስ ቤት ግን ጥሩ የውጭ ፕላስቲክ ቀለም ይሻላል፣ ኖራ በየዓመቱ መታደስ ይፈልጋል። ሸካራው ኳርትዝ ቀለም የልስንን ጉድለት ይደብቃል፣ ነገር ግን አቧራ ይይዛል። ለድሬዳዋ የታችኛው ግድግዳ ለስላሳውን እንመርጣለን፣ በውሃ ስለሚታጠብ።

የኖራው አሠራር ችኮላ አይወድም። ያልጠፋ (ገና ውሃ ያልገባበት) ኖራ ከሆነ ኖራው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው በኖራው ላይ አይፈስም፤ ይፈላል፣ ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽርና ጓንት ግድ ነው። ቢያንስ አንድ ሌሊት፣ ቢቻል ሁለት ሳምንት በውሃ ተሸፍኖ ይቆይ፣ በጨርቅ ይጠለል፣ እንደ ወተት ቀጥኖ ይቀባ። ማቅለሚያ ዱቄት ከገባ ከኖራው ክብደት ከ10 በመቶ አይብለጥ፣ ከበዛ እጅና ልብስ ላይ ይለቃል። ዱቄቱን ቀድማችሁ በትንሽ ውሃ በጥብጡት፣ ደረቁን ከበተናችሁት ግድግዳው ላይ ጭረት ይሆናል። ግድግዳው ውሃ ይረጭ፣ ከዚያ ስስ አድርጋችሁ ሦስት ወይም አራት እጅ፣ በየእጁ መሃል አንድ ቀን። አንድ ወፍራም እጅ ከቀባችሁ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል። ኖራ እርጥብ ሳለ ከሚታየው በጣም ፈዝዞ ስለሚደርቅ ባልዲው ውስጥ ያለውን አይታችሁ አትወስኑ።

የመልክ ምርጫው ላይ ጁገል ራሷ መምህር ናት። ነጭ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ፣ ውሃ ሰማያዊና ሮዝ እየተፈራረቁ የሚሄዱት መንገዶቿ ጠባብ ናቸው፣ ብርሃኑም ከግድግዳ ግድግዳ ይጋጫል። ከፊት ለፊታችሁ ያለው ጎረቤት ጠንካራ አረንጓዴ ከቀባ የእናንተ ነጭ ከሰዓት በኋላ አረንጓዴ ይመስላል። ስለዚህ ከድንጋዩና ከጣሪያው ቀጥሎ የሚታየው የማዶው ግድግዳ ነው። ጁገል ከ1998 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2006) ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ስለሆነች ልስን ከማስነሳታችሁም ሆነ የፊት ገጽ መልክ ከመለወጣችሁ በፊት የቅርስ ጥበቃውን ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል። ድንጋዩን በሲሚንቶ ለስኖ መቀባትም እዚያ ቦታ የለውም። ሲሚንቶውም እንደ ፕላስቲኩ እርጥበት ይዘጋል፣ የሚጠፋው ድንጋይም አይመለስም።

ሙከራ፣ መጠንና የሥራ ሰዓት

ከካታሎጉ ቁራጭ በቀጥታ አትግዙ። ሱቅ ውስጥ ያለው መብራት ቀለሙን ያሳስታል፣ በትንሹ ቁራጭ ላይ ያለው ቀለምም ሰፊ ግድግዳ ላይ ሲሆን ይበልጥ ብሩህና ደማቅ ይመስላል። ካታሎጉን ወደ ውጭ አውጥታችሁ ሁለት ወይም ሦስት ምረጡ፣ ብትጠራጠሩ አንድ ደረጃ ወደ ግራጫ የቀረበውን ጨምሩ። ከየአንዳንዱ ትንሹን ጣሳ ገዝታችሁ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ሁለት ሁለት እጅ፣ ከድንጋዩ ጋር ተያይዞ እንዲጨርስ አድርጋችሁ ቀቡ። የእያንዳንዱን ቀለም አንድ ሙከራ ምሥራቅ፣ አንድ ደግሞ ምዕራብ ግድግዳ ላይ አድርጉ። ከአሮጌው ቀለም ጋር እንዳይምታታ ዙሪያውን ነጭ ወረቀት ለጥፉ። ከዚያ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓትና ከሰዓት 11 ሰዓት ላይ እዩት። 11 ሰዓት ላይ ፀሐዩ ሁሉንም ወርቃማ ስለሚያደርግ ብዙ ሰው የሚማረከው በዚያ ሰዓት ነው። ውሳኔውን ግን የቀትሩ ይስጥ፣ ቤቱ የሚታየው በአብዛኛው በዚያ ብርሃን ነው።

መጠኑን በምሳሌ እናስላ። 10 በ8 ሜትር የሆነ፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ቤት ዙሪያው 36 ሜትር፣ ግድግዳው 108 ካሬ ሜትር ነው። 60 ሳንቲ ሜትር የድንጋይ ዞኮሎ ካለው 21.6 ካሬ ይቀነሳል። አራት መስኮት (1.5 በ1.2) እና ሁለት በር (1 በ2.1) ወደ 11.4 ካሬ ይወስዳሉ። የሚቀባው 75 ካሬ ገደማ ነው። ለስላሳ ልስን ላይ አንድ ሊትር 8 ካሬ ያህል ይሸፍናል፣ ሁለት እጅ ሲሆን 150 ካሬ፣ ማለትም 19 ሊትር ገደማ። ለብክነት 10 በመቶ ጨምሩና 21 ሊትር ያዙ። ሸካራ ልስን ከሆነ አንድ ሊትር 5 ወይም 6 ካሬ ብቻ ስለሚሸፍን 30 ሊትር ድረስ ይጠይቃል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ጣሳው ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑን አይታችሁ ግዙ። ቀለም ቀቢው ማቅለሚያ በዓይኑ እየጨመረ የሚበጠብጥ ከሆነ ደግሞ ሙሉው መጠን በአንድ በርሜል ተበጥብጦ ይለቅ። ባልዲ በባልዲ የተበጠበጠ ቀለም ግድግዳው መሃል ላይ ልዩነቱ በመስመር ይታያል።

አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከመቀባቱ በፊት 28 ቀን ይድረቅ። ቶሎ ከተቀባ በውስጡ ያለው የኖራ ኃይል ማቅለሚያውን ይበላዋል፣ ነጭ ጨውም ይወጣል። ጨው የወጣበትን በውሃ አትጠቡት፣ ጨዉ ተመልሶ ይገባል፤ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት፣ ሳምንት ጠብቁ፣ እንደገና ካልወጣ የመጀመሪያ ቅብ ቀቡ።

ወቅቱ ለሐረር ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ለድሬዳዋ ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል። ድሬዳዋ ላይ ጥላውን ተከትላችሁ ሥሩ፦ ጠዋት ምዕራቡን፣ ከሰዓት በኋላ ምሥራቁን። ፀሐይ የመታው ግድግዳ ላይ ቀለሙ ከሩሎው ሳይለቅ ይደርቃል፣ መጋጠሚያው ይታያል፣ በደንብም አይያዝም። ድንጋዩ ላይ የፈነጠቀ ቀለም ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ ካልተጠረገ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ስለዚህ ዞኮሎው ከመጀመሪያው በላስቲክና በወረቀት ፕላስተር ይሸፈን፣ ፕላስተሩም የመጨረሻው እጅ ሳይደርቅ ይነሳ።

ከተረፈው አንድ ሊትር ያህል በደንብ ተከድኖ ከፀሐይ በራቀ ቦታ ይቀመጥ። ክዳኑ ላይ የቀለሙን ቁጥር፣ የምርት ቁጥሩንና ቀኑን ጻፉበት። በእጅ የተበጠበጠ ከሆነም ምን ያህል ማቅለሚያ እንደ ገባበት መጻፍ አለበት፣ አሸንዳ ያፈሰሰበትን ጥግ ለማደስ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።